ራዲያተሩ የት ነው?

ኧረ በቃኝ! ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ዓሣ የምናወጣበት ጀልባ ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጋለ። መሃል ውሃ ላይ አላርሙ ጮኸ፣ አጠፋሁት፣ ከዚያ መቅዘፍ ነው። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።

ሞተሩን ጭኜ ጅማ ወሰድኩት። ሜካኒኩ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ራዲያተሩ የት ነው?» አይለኝም! ወንድሜ፣ ራዲያተር የለውም። ከታች የግድቡን ውሃ ስቦ ነው የሚቀዘቅዘው። ከኋላው በቀጭኑ የሚፈስ ውሃ አለ። እሱ ከደከመ ወይ መሳቢያው በደለልና በሣር ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋው ባለክንፍ ጎማ፣ ኢምፔለሩ፣ አልቋል። እሺ እሺ አለኝ። ከዚያ ካንዴላ ቀይሮ ሂሳብ ጠየቀ። ካንዴላ!

ራሴ ፈታሁት። ከኢምፔለሩ ክንፎች ሁለቱ ተቆርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ የውሃውን መተላለፊያ ዘግቶታል። ደለሉ ነዋ። ክረምት ላይ ውሃው ማኪያቶ ነው የሚመስለው፣ አሸዋው ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አሁን ያቺን መዳፍ የማታክል ጎማ ፍለጋ ላይ ነኝ። የባጃጅ ዕቃ እንደ ጉድ ሞልቷል። የጀልባ ስል ይስቃሉ። አንዱማ «ባሕር ዳር ሞክር» አለኝ። ከጅማ ባሕር ዳር፣ ለአንድ ጎማ!