ባነሩ ይቅደም!

የትምህርት ጉብኝታችንን የሚያሙ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ጥር ላይ የወላጅ ተወካይ ተብዬ ከልጄ ክፍል ጋር ከደብረ ብርሃን ጓሳ ድረስ ሄጃለሁ። ስለዚህ ምስክርነቴን ልስጥ። እንዲህ ያለ ማስተማር በእውነት የትም አይገኝም።

ለ12 ሰዓት የተቀጠረው አውቶቡስ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ። ስፒከሩ ጣርማበር እስክንደርስ ትንፋሽ አልሰጠንም። ጣርማበር ላይ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አፍንጫችን ስር ነበር። የታሪክ መምህሩ ግን አስተዋይ ሰው ናቸው፣ የልጆቹን ጭፈራ በታሪክ ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለጥ አሉ። እዚያ የቆምነው ለቁም ነገር ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ፣ ልጆቹ በመስኮት ብስኩት ወረወሩላቸው፣ መምህራኑ ደግሞ ለቲክቶክ ቀረጹ።

ጓሳ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀልድ የለም። ማንም ግን ባነሩ ሳይዘረጋ ንቅንቅ አላለም። «በብሔራዊ ፓርክ የተካሄደ ትምህርታዊ ጉብኝት» ይላል። ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም እንዴ የምትሉ ነገረኞች፣ አዎ፣ አይደለም። የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባል ሥርዓት፣ ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ ክፈቱ ሲባል ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨደ፣ 400 ዓመት ገደማ የጠበቀው፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያናጋበትም በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ የያዘው መሬት ነው። ይህ ሁሉ ታዲያ ባነር ላይ ይገባል? የባነር ሜትር ስንት እንደገባ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ደግሞ ታሪኩ ጭራሽ አልተረሳም። አንድ የአካባቢው ጠባቂ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ስለ ቀሮ አያታቸው የነገሯቸውን ሊያወሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምቻለሁ። ወዲያው አንዱ መምህር «አባባ፣ እስቲ ይህቺን ጫፍ ይያዙልን» አሏቸው። ያዙ። «ትንሽ ከፍ!» ከፍ አደረጉ። ከዚህ በላይ አገር በቀል ዕውቀትን ማሳተፍ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ዋናው ትምህርት ተጀመረ። ልጆቹ ጀርባቸውን ለጭላዶቹ ሰጥተው ሳሩ ላይ ተቀመጡ፣ መምህሩ ኖት ማስጻፍ ጀመሩ። «ጭላዳ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ነጠላ ሰረዝ…» ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ላይ ጭላዶቹም ቁጭ ብለዋል። እነሱም አቀርቅረዋል፣ እጃቸው አያርፍም። ሳር እየነጩ ይጎርሳሉ፣ እዚህ ደግሞ ኖት ይገለበጣል። አንዲት ልጅ ዘወር አለችና «ቲቸር፣ ለምንድነው ተቀምጠው የሚግጡት? ደረታቸውስ ለምን ቀላ?» አለች።

«ፈተና ላይ አይመጣም። ጻፊ።»

እንዲህ ነው ጊዜን መቆጠብ! አለዚያማ ዋና ምግቡ ሳር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲነጭ ይውላል፣ ሌሎቹ ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ የሚያሳዩትን ቀይ ምልክት እሱ ደረቱ ላይ ያወጣው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል እየተባለ ምሳ ሊያልፍ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ቀይ ቀበሮ በጭላዶቹ መካከል ሹልክ ሹልክ ሲል ልጄ አይቶ ጮኸ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። «ዝም በሉ! ቀበሮ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው» ተባለ፣ ዝም አሉ። ያ ቀበሮ እኮ ዝም ብሎ አልነበረም የሚንሸራሸረው። እዚያው ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ3 ሙከራው 2ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 አንዱ ነው። ጭላዶቹም አይሸሹትም። ምዕራፉን ሳይጠብቅ ብቅ ማለቱ ግን የቀበሮው ጥፋት ነው።

ጉብኝቱ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ ምሳው 2 ሰዓት። አበሉ የሙሉ ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት የፈተናው ውጤት መጣ። ልጄ አንድ ጥያቄ ተሳስቷል። «የጭላዳ ዋና ምግብ ምንድን ነው?» ይላል። «ብስኩት» ብሎ ጽፏል።