ሳይጨርሱ ማውራት

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ብዙ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ማንበብና ገና ከጅምሩ የተሰማንን ለሌሎች ማካፈል ንባብን ያዳብራል።» ሁለቱም ተከራካሪዎች የአንድ የንባብ ማኅበር አባላት ናቸው። ደጋፊዋ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ተቃዋሚው ደግሞ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ደጋፊ

በአሁኑ ሰዓት አራት መጻሕፍት ጀምሬያለሁ። አልደብቅም፤ አላፍርበትምም። የግጥም መድበሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዷን ግጥም አነብና እስከ መሥሪያ ቤቴ ድረስ ሳሰላስላት እሄዳለሁ። ወፍራሙ የታሪክ መጽሐፍ ራስጌዬ ነው፤ እሱን ቦርሳ አይችለውም። ልብ ወለዱን የሌሊት ተረኛ ስሆን፣ ሰው ጋብ ሲል አነበዋለሁ። አራተኛው የትርጉም ሥራ ነው፤ ባንክ ወረፋ ስጠብቅ ከስልኬ ላይ የማነበው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካም ብል ታሪኩ እስኪያልቅ ግጥሙ ተዘግቶ ይከርማል። ማን ተጠቀመ?

ማካፈሉም ያው ነው። ባለፈው ስብሰባችን ስለ አንድ አዲስ ልብ ወለድ፣ 60ኛው ገጽ ላይ ሆኜ፣ «ደራሲው ሴቶቹን የሚያውቃቸው በመስኮት አይቶ ነው» አልኩ። አንድ የተከበሩ አባላችን፣ «ባልጨረሱት መጽሐፍ አፍ አይከፈትም» ብለው በሰው ፊት አስቆሙኝ።

ይህ ሕግ ከየት መጣ? በ1958 ዓ.ም. የወጣውን ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አድማጩ መጨረሻውን እስኪሰማ ድረስ አፉን ዘግቶ ነበር የሚጠብቀው? እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው፣ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ከጎረቤቶቿ ጋር ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ያደረገችውን ክርክር ነው። መጨረሻውን ከዚያ ያነሰ ታስታውሰዋለች።

አያቶቻችንም ቢሆኑ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዘው አልኖሩም። የዕለቱን ዳዊት ደግሞ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሶ፣ ወሩ በ12 ሲሆን ድርሳነ ሚካኤልን የሚያነብ ሰው በአንድ ጠዋት ሦስት መጽሐፍ ገልጧል።

የመጀመሪያ ስሜት ያሳስታል የሚሉ አሉ። እኔ አላምንበትም። ደራሲ ራሱን የሚደብቅበት ቦታ የለውም፤ 30 ገጽ ያነበበ ሰው ደራሲውን አውቆታል።

ተቃዋሚ

ልጄ፣ ማንበብሽን እወዳለሁ፤ ዝም የማልልሽም ለዚህ ነው። ከመጨረሻው መስመርሽ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። «30 ገጽ ያነበበ ሰው ደራሲውን አውቆታል» ብለሻል። ደግ። ራስሽ የጠራሽውን መጽሐፍ እንያዝ። የሀዲስ ዓለማየሁ የዲማው ታሪክ ሲከፈት የምናገኘው ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። የ30 ገጹ አንባቢያችን ተነሥቶ ምን ይላል? «ይህ የቦጋለና የውድነሽ ትዳር ታሪክ ነው» ይላል። ሰብለ ወንጌል የለችም። ጉዱ ካሣ የለም። ያ ትዕቢታቸው እናትሽን ያከራከራት ፊታውራሪም የሉም። ይህ ነው «አውቆታል» የምትይው?

ሬዲዮኑን ያነሣሽው በራስሽ ላይ ለመመስከር ይመስላል። አድማጩ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቅደም ተከተል ነበረው። ወጋየሁ የሰብለን ነገር አንጠልጥሎ ወደ ሌላ ልብ ወለድ አልዘለለም።

ዳዊቱን ደግሞ ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። ዳዊት የሚደገም ነው፤ ደጋሚው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሲማረው ግን ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ተለማምዶ፣ ዳዊቱን ዘልቆ ነው ወደ ዜማው ወይም ወደ ቅኔው የሚሻገረው። ዳዊቱን ከመካከል ጥሎ ቅኔ ልዝረፍ የሚል ተማሪ ቢመጣ የኔታ የሚሉትን አንቺም አታጪውም።

እኛ መጽሐፍ ተከራይተን ያነበብን ሰዎች ነን። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ አንድ ቅጂ ለአንድ ሌሊት ብቻ ተራ ደረሰኝ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል፤ የገጾቹ ጠርዝ በብዙ እጅ ወይቧል። ሲነጋ ለባለተራው አስረከብኩ፤ ጨርሼ። ያን ሌሊት ሌላ መጽሐፍ ልግለጥ? ሦስት ድስት ጥዶ አንዱንም ሳያማስል የሚውል ሰው የሚያቀርበው ያረረ ወጥ ነው።

ጉዳቱንም ልንገርሽ። «በመስኮት አይቶ ነው» ባልሽ ማግስት፣ ያን ልብ ወለድ ሊገዙ የነበሩ ሁለት አባሎች ሐሳባቸውን ቀየሩ። ደራሲው ያሳተመው ተበድሮ ነው። በ60 ገጽ ተፈረደበት።

ደጋፊ

ጋሼ፣ «ልጄ» ያሉኝን እንደ ምርቃት ተቀብያለሁ፤ ለክርክሩ ግን ነጥብ አይሆንዎትም። ወጥ ቤት ገብተው እንደማያውቁም አሁን አረጋገጥኩ። ሦስት ድስት በየቤቱ በየቀኑ ይጣዳል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ጎመኑ ይከተፋል። ካረረም ጥፋቱ የባለሙያው ነው እንጂ የድስቱ ብዛት አይደለም።

30 ገጽ ስል ስለ ቋንቋው ነው የተናገርኩት። ደራሲው ዐረፍተ ነገር ማሠር ይችላል ወይስ አይችልም፣ ሰዎቹ የሚያወሩት እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ስብሰባ ሪፖርት፣ ይህን ለማወቅ 500 ገጽ አያስፈልግም። የታሪኩን መጨረሻ አውቃለሁ አላልኩም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቦጋለና ውድነሽ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ዲማ በኋላ በዛብህ የሚደርስበት አገር ነው። መጽሐፉን ከጨረሱ ስንት ዘመን ሆነዎት? ጨርሶ የረሳና ገና ያልጨረሰ ሰው፣ ሁለቱም በጎደለ ነው የሚያወሩት። የእኔ መጽሐፍ ግን ፊቴ ተገልጧል፤ የእርስዎ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቷል። የተናደድኩበትንና የሳቅኩበትን ቦታ በዚያው በጠርዙ ላይ በእርሳስ አሰፍራለሁ። መጨረሻውን ያወቀ ሰው መጀመሪያውን ሲያወራ አንዴም ሰግቶ እንደማያውቅ ሆኖ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ተጨንቆ ነበር።

የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስንም ይውሰዱ። በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ «ከባድ ነው» የሚል ስም ተከትሎታል። እኔም ጥዬው ነበር። የተመለስኩበት አንዲት ባልደረባዬ፣ ራሷ ገና መካከሉ ላይ ሆና፣ «ታሪኩን ለመከተል አትታገዪ፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ብቻ አድምጫቸው» ስላለችኝ ነው። እሷ እስክትጨርስ ዝም ብትል ኖሮ እኔም አልከፍተውም ነበር።

ተቃዋሚ

«ልጄ» ካስቀየመዎት ይቅር። ከእንግዲህ እርስዎ እልዎታለሁ። ዕድሜ ልኬን ተማሪዎቼን ልጆቼ ስል ኖሬ፣ ነጥብ ለማስቆጠር ነው ብሎ የጠረጠረኝ ሰው አልገጠመኝም ነበር።

ወደ 30ው ገጽ ልመለስ። አሁን «ስለ ቋንቋው ነው» ሆነ። የጻፉት ግን «ደራሲውን አውቆታል» ነው። ደራሲውን! ለመሆኑ «በመስኮት አይቶ ነው» ያሉትስ ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር ነበር? ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት ነው። ገጸ ባሕርይ ደግሞ የሚታወቀው በሚደርስበትና በሚለውጠው ነገር ነው። 60ኛው ገጽ ላይ አንገቷን ደፍታ ቡና የምትቀዳ ሴት፣ 200ኛው ላይ ምን እንደምታደርግ ማን ነገረዎት?

አደፍርስም የሚመሰክረው ለእኔ ነው። «ከባድ ነው» የሚለውን ስም ያወጡለት የጨረሱት ይመስሉዎታል? በሩ ላይ ተሰናክለው፣ ከዚያው ተመልሰው ለሰው ያወሩት ናቸው እንጂ። ባልደረባዎ አንድ ሰው መለሱ፤ እነዚያ ስንቱን አባረሩ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰው የሌላ ሰው እህል ሲሆን ግን ለመልቀም የሚጎነበስም አይገኝ።

አራት መጽሐፍ ማንበብዎን እኔ አልከለከልኩም። ቢሻዎት አርባ ይጀምሩ። የምቃወመው በአደባባይ መፍረዱን ነው።

ደጋፊ

አልከለከሉም? ድስቱስ? የኔታስ? ያ በጋዜጣ የተለበጠው ኦሮማይስ? «ቢሻዎት አርባ ይጀምሩ» ካሉ የመከራከሪያው ግማሽ እዚህ ላይ አበቃ፤ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ማንኩሳንም ዘለሏት። ደግ፣ እኔም አልመለስባትም።

አሁን ወደዚያች ቡና ወደምትቀዳው ሴት። መጽሐፉን ከዚያ ወዲህ ጨርሼዋለሁ። 200ኛው ገጽ ላይም ቡና ትቀዳለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ባሏ ከእስር ተፈትቶ ሲመጣ በር ትከፍትለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሱ ለሰባት ገጽ ስለ አገር ይናገራል። ከጓዳ አልወጣችም። እኔ 60ኛው ገጽ ላይ ካልኩት አንድ ቃል አላነሣም።

ደራሲው ተበድሮ ማሳተሙ ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው። ግን እነዚያ ሁለት አባሎች ገንዘባቸውን ከየት የሚያመጡት መሰለዎት? የመጽሐፍ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ለደራሲው የሚራሩትን ያህል ከደመወዟ ቀንሳ ለምትገዛው አንባቢ ቢራሩ፣ ያየሁትን በጊዜ መናገሬ በደል አይመስልዎትም ነበር።

ተቃዋሚ

ጨርሰው ተናገሩ፤ እኔም አምኜ ሰማሁ። ከመጀመሪያው የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ልክ መሆንዎን የነገረዎት መጨረሻው ነው እንጂ 60ኛው ገጽ አይደለም። ያኔ የያዙት ግምት ነበር፤ የተናገሩት ግን እንደ ፍርድ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ያልጨረሰም ሰው ይናገር። ነገር ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት «ከ340 ገጽ 60ኛው ላይ ነኝ» ብሎ የደረሰበትን ይጥራ፤ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ።

ደጋፊ

እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ተጨምሮበት። የጨረሰውም ሰው መቼ እንደጨረሰ ዓመተ ምሕረቱን ይጥራ። ከእርስዎ እንጀምር።

ተቃዋሚ

ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እርስዎ አይደሉም። አጀንዳውን ለጸሐፊው ልኬያለሁ፤ በእኔ ቃል፣ ያለ ጭማሪ።