ቴስተር የማያስፈልገው ሰፈር

ሌላው ዓለም በመሣሪያ የሚደርስበትን የእኛ ሰፈር ሰው በጸጋ ያገኘዋል። ሐኪም ደም ይቀዳል፣ አናጺ ሜትር ይዘረጋል፣ የጣና ታንኳ ቀዛፊ እንኳን ደንገሉ ውኃ መጠጣት አለመጠጣቱን በእጁ ሳይዳብስ ወደ ሐይቁ አይገባም። እኛ ከዚህ ሁሉ ድካም ተገላግለናል። አንድ ዕቃ ተበላሸ ሲባል በሩ ደፍ ላይ ቆመን፣ ጃንጥላችንን እንኳን ሳናጥፍ፣ ምኑ እንደ ሞተ እንናገራለን። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እኛን የማየት ዕድል ስላልገጠማቸው ነው።

ይህን ጸጋ በሙሉ ክብሩ ያየሁት ባለፈው እሑድ ነው። ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ እንደገና ሄዶ መጣ። በሁለተኛው ምጣት ከጠረጴዛዬ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ነገር ሽታም ተከተለ። የልጄን የመመረቂያ ጽሑፍ የተሸከመው ኮምፒውተር ከዚያ ወዲያ ብጫነውም ብለምነውም አንዲት መብራት ሳያሳየኝ ቀረ።

ወሬው በየት በኩል እንደ ወጣ እንጃ፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ሸንጎው ሞልቶ ነበር። አከራዬ ጋሼ፣ የረዥም ዘመን ሾፌር የነበሩት፣ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ «ማዘርቦርዱ ነው» ብለው ፈረዱ፤ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚገናኝበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለታቸው ነው። ይህን ሲሉ ዐይናቸው ቆሎው ላይ እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አልነበረም፤ ብቃታቸውን የማደንቀውም ለዚሁ ነው። አካውንቲንግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጠልን። ጨርሶ በማይበራ ኮምፒውተር ውስጥ ቫይረስ ምን በልቶ እንደሚያድር ልጠይቀው አስቤ፣ የተማረ ሰው በሰው ፊት አይፈተንም ብዬ ተውኩት። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ምርመራውን ዘልለው በቀጥታ ወደ ሕክምናው ገቡ፤ ሣጥኑን በጥፊ አጮሉት። የቤታቸው ሬዲዮ በዚሁ መድኃኒት ነው እስከ ዛሬ የሚናገረው።

ነገሩን ከምንጩ የጀመሩም አልጠፉም። አንድ መምህር ከጢስ ዓባይ ተነሥተው ጣና በለስ ደረሱ፦ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ውኃውንም ከዚሁ ከሐይቃችን የሚወስድ። (የዓባይን ልጅ ተረት እዚህ ላይ አልደግመውም፤ ዓባይ ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።) ንግግሩ ግሩም ነበር። እሱ እስኪያልቅ ግን የኮምፒውተሩ ገመድ ግድግዳው ላይ በደንብ መሰካቱን፣ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያም ወደ የትኛው ወገን እንደ ተጫነች ለማየት የጎነበሰ ሰው አልነበረም። ወገብ ለዚህ አልተፈጠረም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ዝምታም ፍቺ አያጣም። የማራገቢያው አለመዞር ሰም፣ ማዘርቦርዱ ወርቅ ሆኖ አደረ። ከዕቃው ሁሉ ማዘርቦርድ ለምን ተመረጠ ብትሉ፣ ውድ ስለሆነ ነው። የውድ ነገር ሞት ለወሬ ያምራል።

በማግሥቱ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሱቁ ጋቢውን ሳልፈታ «ማዘርቦርድ» አለኝ። ከጋሼ ጋር በስልክ የተነጋገሩ መሰለኝ። ዋጋውንም ጨምሮ ነገረኝ፤ የቤት ኪራዬን ያስታውሳል።

ጸጋው ያልተሰጣት ሰው ያገኘሁት ሁለት በር አለፍ ብዬ ነው። ወጣት ናት። ከሁሉ አስቀድማ ጠየቀችኝ፤ መቼ ጠፋ፣ መብራት ሄዶ ነበር ወይ፣ ምን ሸተተ። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተችው። አዎ፣ ከፈተችው! ባለ 24 ፒኑን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ነቀለች፤ ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚመጥነውን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው ከመብራት ጋር አገናኝታ፣ ቮልት የሚለካውን የቴስተሯን ጫፍ ሐምራዊው ሽቦ ላይ አሳረፈች። ይህ ሽቦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለም 5 ቮልት መያዝ ነበረበት። ቴስተሩ ዜሮ አለ። ይህም አልበቃትም፤ የወረቀት ማያያዣ አጥፋ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር አገናኘች። ፓወር ሰፕላዩ ደኅና ቢሆን ማራገቢያው መዞር ነበረበት፤ አልዞረም። ቢዞር እንኳን ልታምነው አልነበረም አሉ! ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት መስጠታቸውን፣ ከዚያም ከ5 በመቶ በላይ አለመራቃቸውን ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንዲህ ያለ እምነት ማጣት ከየት ይመጣል? ከተማችን በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ የተከፈተባት ናትና ልኬት የሚባለው ልማድ አንዳንድ ሰው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ይሆናል።

ከመደርደሪያ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አውርዳ ብትሰካበት የልጄ ጽሑፍ ብቅ አለ። ተፈርዶበት፣ ተለቅሶለት የነበረው ማዘርቦርድ ያለ አንዳች ኀፍረት ይሠራል። «የሞተውን ከፍተሽ ጠግኚልኝ» ብላት፣ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ለሕይወት የሚያሰጋ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ ብላ እንቢ አለች። እትዬ ቢሆኑ በአንድ ጥፊ ይጨርሱት ነበር። አዲስ ልገዛ ስል ደግሞ ሁለት አቀረበችልኝ፤ ሁለቱም ላይ 500 ዋት ተጽፏል፣ አንደኛው ግን እንደ ባዶ ሞሰብ ይቀላል፤ ርካሹም እሱ ነው። የተጻፈ ነገር ማክበር ልማዳችን ነውና ወደ ርካሹ ስዘረጋ እጄን መለሰችው።

ከምድጃና ከካውያ ጋር በአንድ ማከፋፈያ እንዳልሰካው አስጠንቅቃኝ ስለነበር፣ ቤት እንደ ገባሁ ፍሪጁን ነቅዬ የግድግዳውን ሶኬት ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። ሸንጎው ተመልሶ ተሰየመ። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ እንደ ነበር ስናገር ጋሼ በአዘኔታ አዩኝ። «እኮ! ማዘርቦርዱ ዝሎ ነበር፤ አዲስ ኃይል ሲያገኝ ተነሣ» አሉ። የእህቴ ልጅም ቫይረሱ መብራት ሲጠፋ መሞቱን መሰከረ። የማንም ፍርድ አልተሻረም፤ ሁሉም ረትቶ ቡናው ተጠጣ።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ ፍሪጁ አጠገብ ቆም አሉ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ፍሪጁ ጭጭ ብሏል።

«ኮምፕረሰሩ ሄዷል» አሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር ጋሼ» አልኩና፣ መሬት ላይ የተጋደመውን የፍሪጁን መሰኪያ በእግሬ ወደ ሶፋው ሥር ገፋ አደረግኩት።