ማስተካከያ፦ በ1841 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ስለተመዘገቡ ዕድሜና ዝምድና

የቅድመ አያቶችን የቤተሰብና የሥራ ታሪክ ከመዛግብት ስለመፈለግ ቀደም ሲል በቀረበው ማብራሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ «ሸማኔ፣ ዕድሜ 35» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በ1806 እንደተወለደና አብራው የተቆጠረችው ሴት ሚስቱ እንደሆነች የተገለጸው በሚከተለው ይስተካከል። በዚያ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ወደ ታች፣ በአምስት ወደሚካፈል ቁጥር ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍ ታዝዞ ስለነበር (ቆጣሪዎቹ ሁሉ ባይከተሉትም)፣ ሰውየው እስከ 39 ዓመት ሊሞላው፣ የልደት ዘመኑም ከ1801 እስከ 1806 ባለው ጊዜ ሊውል ይችላል። ሴትየዋም እህቱ ልትሆን ትችላለች፤ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና መመዝገብ የጀመረው በ1851 ነውና። ሙያው እንደተጻፈው ይያዝ። አንድ የተሳሳተ ዝምድና ፈላጊውን ወደ ባዕድ ቤተሰብ ስለሚወስደው፣ የ1851ዱን ቆጠራና የጋብቻ መዝገቡን ሳያመሳክሩ የትውልድ ሐረጉን መቀጠል አይገባም።