ዋልካ መሬት የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቷን ዕቅድ ስታቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ልጅቷ የእነዋሪ አካባቢ ተወላጅ ናት። ጥያቄዋ ረጅም ነበር፤ ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ ለመዝራት በክረምት መደብ፣ ማለትም ከፍ ያለ የዘር ቦታ፣ እና የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያወጣው ማን ነው? ስንት ቀን ይፈጅበታል? የሚገኘው ምርትስ ድካሙን ይክሳል ወይ? የአፈሩ ጠባይ፣ የሰው ጉልበት፣ የእህል ዋጋ፣ የበሬ መኖ፣ ሁሉም በአንድ ቋጠሮ ታስሯል። እኛ ደግሞ ተራ በተራ ፈታንባት። አንዱ “ይህ ሶሲዮሎጂ ነው” አለ። ሌላው “የኢኮኖሚክሱ ክፍል ይውጣ” አለ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰርዤ ጠርዙ ላይ “ከትምህርት ክፍላችን ውጪ” ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻ ያጠናችው የማዳበሪያ መጠን በስንዴ ምርት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ነው። ጥሩ ውጤት አገኘች፤ ጥናቱም ከመሰሎቹ ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በየዐውደ ጥናቱ “የሙያ ዘርፎች ቅንጅት” የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር ያ አንቀጽ ይታወሰኛል። ጨርቁን የምንሰቅለው እኛው ነን፣ አንቀጹን የምንሰርዘውም እኛው ነን።

ዋልካን ያላየ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ በትር ቢሰዱበት ይገባል። ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ውሃም ላዩ ላይ ይተኛል። ዋልካ በሞላበት በብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅና ወደ መስከረም ገደማ ይዘራል፤ ሰብሉ የሚያድገው አፈሩ በያዘው ርጥበት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ባዶ ማሳ ላይ ወርዶ አፈር ይዞ ይሄዳል። የእነዋሪ ሰው ግን ከማንም ሳይማር ዘዴ አበጅቷል። ማሳውን በበሬ ካረሰ በኋላ ሴቱም ልጁም ወርዶ ከቦዩ አፈር በእጅ እየዛቀ መደቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩ ከላይ ይተርፋል። የወገብ ሥራ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ጋር ሆኖ የዋልካ መሬት ፕሮጀክት ሲጀምር ይህን የእጅ ሥራ አይቶ ነው የተነሣው። የገበሬውን የራሱን የእርሻ ዕቃ፣ ሁለት ማረሻ አጣምረው፣ በበሬ የሚጎተት፣ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ዳሩ ግን የአፈር ባለሙያው ጥያቄ መለሰ ሲባል የመኖ ባለሙያው ጥያቄ ተወለደ። መሣሪያው የሚያስፈልገው በክረምት መግቢያ ነው፤ በክረምት መግቢያ ደግሞ የሸዋ በሬ የበጋው ድርቆሽ አልቆበት አጥንቱ ይቆጠራል። ለከሳ በሬ ከባድ ዕቃ መጫን ማለት ነው። ዕቃውን ማቅለል የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ በሬውን ማብላት የእንስሳት ባለሙያ፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከማን ጋር ይቀናጅ የሚለው ደግሞ የሕዝቡን አኗኗር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ልክ ሆነውም አይሠራም።

ልጅቷ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ ያውም እኛ ያላሰብነውን ጨምራ። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ መደብ የሚያወጣ የልጅ እጅ ይገኛል። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ቀን ቢለወጥ የስንዴው ማሳ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የአፈር ላቦራቶሪ አይወልደውም።

ወደ መንዝ ወጣ ብንል ጓሳ የሚባል ሣር የሞላበት፣ በሣሩ ስም የሚጠራ ደጋ አለልን። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት አካባቢው ለዓመታት፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ተዘግቶ ይከርማል፤ ከዚያ ይከፈትና ባለ መብቱ ያጭዳል። መብቱ ደግሞ ከርስት ጋር፣ አስቦና ጌራ ከተባሉ ቀደምት አባቶች ከሚቆጠር የዘር ሐረግ ጋር የታሰረ ነበር። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ሲፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። ማኅበረሰቡ በኋላ ሌላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ስፍራውን መልሶ ያዘው። እንግዲህ ቀይ ቀበሮ ሊቆጥር ጓሳ የወጣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የርስትን ታሪክ ካላወቀ፣ ቀበሮው እዚያ እስከ ዛሬ ለምን ተረፈ ለሚለው መልሱ ግማሽ ነው። የታሪክ ተመራማሪውም ሣሩን ካላወቀ ያ ሁሉ ክልከላ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም።

የጓሳ ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ቀበሮው በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እንደሚራመድ፣ ልጆቻቸውንም እንደማይነካ አስተዋሉ። ቆጠሩት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2015 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። የዝንጀሮ ተመራማሪዎቹ “ቀበሮ የእኛ አይደለም” ብለው ዐይናቸውን ቢያነሡ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

በሌላ በኩል ከሁሉም ዘርፍ ጥቂት ጥቂት ቀማምሶ “ሁለገብ” መባልን አልወድም። በአብነት ትምህርት ቤት አራት ዓይና የሚባለው ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱን ጉባኤ ጠንቅቆ ያስመሰከረ ሊቅ ነው። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው የዘለለ አራት ዓይና አይባልም፤ የሚባልበት ሌላ ስም አለው፣ እዚህ አልጽፈውም። የእኛ ተማሪ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አራት ዓይን ከአንድ ሰው አንጠብቅ፤ የአፈሯን ሙያ ጠንቅቃ ትያዝ፣ የቀረውን ከሌላ ትምህርት ክፍል የተመደበ ሁለተኛ አማካሪ ይይዝላት። ግን ያ ሰው ስሙን ለማስፈረሚያ የተቀመጠ ሳይሆን ነጥብ የሚሰጥ፣ ማሳው ድረስ የሚወርድ ይሁን። ማሳው ድረስ ስል ደግሞ በሐምሌ ነው። መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ብቻ ዋልካን በጥር ሄዶ የማጥናት ልማዳችን ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። መምህራኑም የጋራ ሥራ የሚሸሹት ከክፋት አይደለም፤ በማውቀው ዓለም የዕድገት ነጥብ በጸሐፊው ብዛት ሲካፈል ብቻውን የጻፈ ይጠቀማል። ይህን ያልነካ የቅንጅት ስብሰባ ሻይና ዳቦ ነው።

ባለፈው ወር የልጅቷን የድሮ ዕቅድ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ለአንድ የሶሲዮሎጂ መምህር አሳየሁት። ቀዩን መስመር አልፎ የተሰረዘውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበበና “አንዲት እናት በቀን ስንት መደብ ታወጣለች?” ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ልጅቷን ያን ዕለት ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።