እርማት፦ መምህርነት የግማሽ ቀን ሥራ አይደለም

«አስተማሪ ሁን፤ ግማሽ ቀን ሠርተህ ከሰዓቱ ያንተ ነው፣ ክረምቱ ደግሞ ሙሉ እረፍት» የሚለው ምክር ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ሰውን ያሳሳተው ፈረቃው ሳይሆን አይቀርም። በፈረቃ ትምህርት ቤት መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚቆመው ግማሽ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን እዚያ አያልቅም።

እስቲ እናስላው። አምስት ሴክሽን የሚያስተምር ሰው፣ በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖረው 250 ወረቀት ያርማል። ለአንዱ ወረቀት 3 ደቂቃ ብንሰጠው 12 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ እንግዲህ ለአንድ ፈተና ነው። ተከታታይ ምዘና ስላለ ፈተናው አንድ ብቻ አይደለም። የትምህርት ዕቅድ አለ፣ ማርክ ሊስት አለ። የክፍል ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች የሁሉም ትምህርት ውጤት የሚደመርበት ሰንጠረዥ፣ አለ (ድምሩ አልገጥም ብሎት ያመሸ ያውቀዋል)።

ክረምትም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2016 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር በርካታ መምህራንን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ አሠልጥኗል።

ማጣራት የፈለገ ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል የሚያውቀው መምህር ቤት ጎራ ይበል። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ስንት ሴክሽን፣ ስንት ተማሪ እንዳለው ይጠይቀው።

ይህን የምለው ማንንም ከሙያው ለማስሸሽ አይደለም። ከሰዓቱን ለሁለተኛ ሥራ ወይም ለማስተርስ አስቦ የሚገባ ሰው ግን ኅዳር ሳይጋመስ ይጨናነቃል። ያኔ ወረቀቱ ሳይታረም ይከርማል፤ ተማሪውም የት ላይ እንደሳተ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።