ይድረስ ለመኪናዬ ሽታ፣ ጋራዥ ስንደርስ ለምትጠፋው

ለተከበሩ አቶ ሽታ
ባሉበት (ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይሁን ከወንበሩ ስር፣ አድራሻዎን እስካሁን አላገኘነውም)

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለመስኮቱ። ይኸው አንድ መኪና ውስጥ አብረን መኖር ከጀመርን 6 ወር አለፈን፣ ነዳጅ አታዋጣ፣ ኢንሹራንስ አትከፍል፣ ስለዚህ አንቱታው ይቅርና በአንተ እናውራ።

መጀመሪያ የሚያናድደኝን ልንገርህ። መንገድ ላይ አይኔ እስኪያለቅስ የተቃጠለ ዘይት ትሸተኛለህ፣ በጠዋት ጋራዥ ስወስድህ ግን የለህም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን አስገብቶ፣ ሁለቴ ስቦ አሽትቶ "ምንም የለም እኮ" ይለኛል፣ እኔን እንደ ነገር ፈላጊ እያየ። ወጥቼ ትንሽ እንደነዳሁ ከች! ለካ አንተ ሞተሩ ካልጋለ ከእንቅልፍህ አትነሳም። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ላስቲክ) አርጅቶ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲወድቅ ነው የምትወለደው፣ ማታ አድሮ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዘይቱ ብቻ ይቀራል አንተ ትሄዳለህ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ የቀዘቀዘ መኪና ይዤ እየሄድኩ "ይሸታል" እላለሁ። ማን ያምነኛል?

ተስፋ ስቆርጥ መስታወቱ ላይ የዛፍ ቅርፅ ያላት ሽቶ ሰቀልኩብህ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት ለሷ ነው መሰለኝ። አንተን ታባርርልኛለች ስል ጭራሽ ተጋባችሁ፣ አሁን መኪናዬ የምትሸተው የተቃጠለ ዘይት በቫኒላ ነው።

ከዛ ደግሞ ጣፋጭ ሆነህ መጣህ። እዚህ ላይ ነው ክፉኛ የሸወድከኝ። ካራሜል ካራሜል ስትል ሽቶዋ መስላኝ "በቃ ሰራች" ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ማሞቂያውን ስከፍት የፊት መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፣ በእጄ ስጠርገው ውሃ አይደለም፣ እንደ ቅባት ይለጠጣል፣ ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ እኔ ግን ምንም አልገባኝም። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ "ልጄ፣ ምንጣፍህ ረጥቧል እኮ" ስትለኝ "እማዬ ጫማሽ ይሆናል" አልኳት። ዝናብ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ምንጣፉን ገልጬ ሳየው አረንጓዴ ነገር ተኝቶበታል። ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ! ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተደበቀችው የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ተበስታ ስታለቅስ ነው የከረመችው፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ "ይሄ ኩላንት የት ነው የሚሄደው" እያልኩ እጨምራለሁ። እግሬ ስር ነው የሚሄደው! ጣፋጭነትህ ደግሞ መርዝ ነው፣ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል፣ መሬት ላይ ከፈሰሰ ውሻና ህፃን ጣፍጧቸው እንዳይቀምሱት ወዲያው መታጠብ አለበት። ጣፋጭ ጠላት አይስጥህ።

ፍሬን ሆነህ የመጣህ ቀንስ? ያን ቀን እንኳን ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አልክድም። የእጅ ፍሬኑን በግማሽ እንደተሳበ ረስቼው እየነዳሁ፣ "ከፊቴ ያለው መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ሰው እንዴት መኪናውን አያሰራም" እያልኩ ስረግመው ቆይቼ ደርቤው አለፍኩ። ሽታውም አብሮኝ ደረበ። ቀይዋ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርታ እያየችኝ ነበር አሉ። (የእጅ ፍሬኑ ወርዶም ሽታው ካለና አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፣ እጅህን ጠጋ አድርገህ ሙቀቱን እይ እንጂ ብረቱን እንዳትነካ።) ዳገት ላይ በፍሪሲዮን (በግራ እግር በሚረገጠው ፔዳል) ተንጠልጥለው ለሚቆሙ ደግሞ የተቃጠለ ወረቀት ሆነህ ነው የምትመጣው፣ ሸራው እየተበላ። እነሱ ጋር ሂድ፣ እኔን ተወኝ።

ግን በጣም ያዋረድከን የበሰበሰ እንቁላል የሆንክ ቀን ነው። አምስት ሆነን መኪና ውስጥ ታጭቀን፣ ወሬው ደርቶ፣ ድንገት መጣህ። ወሬው ቆመ። ማንም ምንም አላለም። ሁላችንም ቀስ ብለን ጋሼን አየን። ጋሼ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ "እኔ አይደለሁም" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው! ይሄ ደግሞ ጭራሽ አባባሰው። አንዳንዴ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ) ሲበላሽ ወይም ሞተሩ ነዳጅ ሲበዛበት በቤንዚኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰልፈር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ሆና በጭሱ ትወጣለች፣ የኛው ግን ባትሪው ነበር። ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላው ሲለካ ከ15 ቮልት አልፎ ተገኘ፣ ሞተር በርቶ 14 አካባቢ መሆን ሲገባው። ባትሪው ፈልቶ ጎኑ አብጧል። እንደዛ ያበጠና የሚሸት ባትሪ አጠገብ ክብሪት መጫር ወይ ገመድ አገናኝቶ ማስነሳት መፈንዳት ያመጣል አለኝ መካኒኩ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ሰማሁት። ጋሼን እስካሁን ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ኤሲ ስከፍት እርጥብ ካልሲ የምትሆንበትን አልፌሃለሁ፣ ፊልትሮ ቀይሬ ውሃ መውረጃዋን ካስጠረግኩ ትለቀኛለህ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ስትሆን ግን ዝም አልልም፣ ያ ሽቦ ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ባለ 30 እየሰኩ "አሁን አይቃጠልም" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ፊውዙ አይቃጠልም፣ መኪናው ነው የሚቃጠለው። ቤንዚን ሆነህ ከመጣህ ደግሞ ቀልዱም እዛው ይቆማል። አሁን ቀድቼ ከሆነ እሺ፣ እየነዳሁ ከሆነ ግን ዳር ይዤ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ሰው አስወርጄ ነው የማወራህ።

አንድ ነገር ግን ላመስግንህ፣ ቢያንስ መምጣትህን ትናገራለህ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ዘመድህ ጭራሽ አይሸትም፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው) ተቀዶ ወይ የጭስ ማውጫው አፍስሶ ጭስ ወደ ውስጥ ከገባ አንተ ከፊት ትመጣለህ፣ እሱ ዝም ብሎ ከኋላህ ይከተላል፣ ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ይገድላል። ሽቶ ሰቅዬ አንተን ዝም ባሰኝህ እሱን ማን ይነግረኛል? ስለዚህ ዛፏን አውርጃታለሁ። ፍቺያችሁን በመኪና ሳጥኑ ውስጥ ተነጋገሩ።

ሐሙስ ጋራዥ ቀጠሮ አለን። በዚህኛው ዙር ቀዝቃዛ ይዤህ አልሄድም፣ 20 ደቂቃ በደንብ አዙሬህ፣ ሞተሩ ጋል እንዳለ ነው በሩን የምናልፈው። መካኒኩ ፊት እንደ አዲስ ሙሽራ አንገትህን እንዳትደፋ፣ እንደለመድከው ከች በል። ጋሼም አብረውን ይመጣሉ፣ "በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም፣ ባትሪው ነው ብሎ ይንገራችሁ" ብለዋል።

በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚነዳው ሹፌርህ